ወገን የለውም ብዬ የጻፍኩት ሰው

ኅዳር 12 ቀን 2015

ዛሬም ባጃጅ የለም። ነዳጅ ጠፍቷል አሉ። በእግሬ ቢሮ ገባሁ፤ አቧራው እስከ ጉልበቴ። ባለፈው ሳምንት የገዛሁት ጫማ... ይቅር።

የሩብ ዓመት ሪፖርት ስሞላ ዋልኩ። ሦስት ዓምድ፦ ቤት፣ ሕክምና፣ ትምህርት። ፕሮጀክታችን ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ሲያገኝ በእነዚህ በሦስቱ ያነሣዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አልክድም። አቶ ሙሉነህ ኃላፊ ሆኖ ከሐዋሳ ከመጣ ወዲህ ግን ዓምዶቹ ቀለም ተቀብተዋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። እኔ ቀዩ ላይ ነኝ። ሃያ ሰው ቤት ማስገባት ነበረብኝ፤ አሥራ አንድ ላይ ቆሜአለሁ።

ስመለስ ስኳር ልገዛ መናኸሪያው አጠገብ እትዬ ፉዚያ ሱቅ ጎራ አልኩ። በረንዳዋ ላይ አንድ ሰው ማዳበሪያ ለብሶ ተኝቷል። አርባ ዓመት ይሆነዋል። አንድ እጁን ዘርግቶ የሌለ ነገር እያሻሸ "ዳሌቲ... ዳሌቲ..." ይላል።

"ማነው?"

"ላሙን ነው የሚጠራው። ድርቁ ጨርሶበት ነው። ስድስት ቀኑ እዚህ። ወላሂ ደንበኛ አባረረብኝ!" አለች እትዬ ፉዚያ። ይህን የምትለው ሻይ ቀድታ እየወሰደችለት ነው።

ኅዳር 15

ሰውዬው ዲዳ ይባላል። ለሙሉነህ ስነግረው "ታዲያ እንዴት ነገረሽ?" ብሎ ሳቀ። የቦረና ስም ነው ብዬ ማስረዳት ሰለቸኝ።

በረንዳው ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። አካም? ናጋ። ሰላም ተባባልን። የቀኝ እግሩን ቆርቆሮ ቆርጦት መግል ይዟል፤ ሽታው ከሩቅ ይሰማል።

"ስልሳ ከብት ነበረኝ" አለ፤ በኦሮምኛ ነው የምናወራው። ከዚያ ስማቸውን ይጠራ ጀመር። ዳሌቲ፣ ጉራቲ፣ ቡሬ... አንድም አልዘለለም መሰለኝ።

"አሁን የት ናቸው?" አልኩት። ደደብ ጥያቄ።

"ውሃ ወርደዋል። ይመጣሉ።"

ዘመድስ? አጎት አለው። ጃታኒ ይባላል፣ ሊበን ውስጥ፣ በእግር ሁለት ቀን። እና ለምን እዚያ አልሄደም? እንደ ሞኝ አየኝ። "የሱም አልቀዋል። የራበው ሰው የራበው ሰው ቤት ይሄዳል?"

ስነሣ "ኦቦሌቲ" አለኝ። እህቴ ማለቱ ነው። እስከ ቤቴ ድረስ ይህ ቃል ተከተለኝ።

ታኅሣሥ 3

ስብሰባ። ሙሉነህ መስፈርቱን አነበበልን። ቤት የሚሰጠው ወገን ለሌለው ብቻ። ወገን ያለው ሰው የመሳፈሪያ ተሰጥቶት ከቤተሰቡ ጋር ይቀላቀላል።

"ወገኑ ራሱ የሚበላው ከሌለውስ?"

"ሣራ፣ እሱ ሌላ ፕሮጀክት ነው።"

ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእናቱ በየቀኑ ይደውላል። ግን አንዳንዴ ያንን ወረቀት አፉ ውስጥ ብከትለት ደስ ይለኛል።

ታኅሣሥ 5

ትናንት የመናኸሪያ ጎረምሶች ዲዳ ላይ የመኪና እጣቢ ደፉበት። ሲሳሳቁ ነበር አለች እትዬ ፉዚያ፤ በመጥረጊያ አባርራቸዋለች። ዛሬ ሳገኘው እየተንቀጠቀጠ ነው። እግሩ አብጧል። እንዲህ ሆኖ ይህን ወር አይጨርስም።

ቅጹን አውጥቼ እዚያው ሞላሁ። ቅጹ በኦሮምኛ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት... ሰባተኛው መስመር፦ ፊራ። ወገን።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ጃታኒን አስታወስኩ። እግሩን ደግሞ አየሁ።

"ሂን ቀቡ" ብዬ ጻፍኩ። የለውም።

የቀለሙን ሳጥን ከፍቼ አውራ ጣቱን ያዝኩ። "ምንድን ነው?" አለ። "ለቤቱ ነው። እዚህ ጋ ተጫን።" "አንቺ ካልሽ፣ ኦቦሌቲ።" ተጫነ።

እህቴ እያለኝ ወገን የለውም ብዬ ጻፍኩበት። አንድ ቃል ናት... ሰው አልገደልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ግን ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ታኅሣሥ 24

የቁልፍ ርክክብ። ከቀበሌው አዳራሽ ፊት ለፊት፣ በገበያ ቀን፣ በድምፅ ማጉያ። ሙሉነህ ነው የመረጠው፤ "ሕዝብ ይየው" ብሎ። ስም በተጠራ ቁጥር "ወገን የሌለው፣ ጧሪ ቀባሪ የሌለው" እየተባለ ይታከልበታል። ያጨበጭባሉ። ወተት ሊሸጡ ከሊበን በጭነት መኪና የመጡ ሴቶች ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ያያሉ። በትራቸውን የተደገፉ ሽማግሌዎች ከኋላ ቆመዋል፤ እነሱ አላጨበጨቡም።

ዲዳ ቁልፉን በገመድ አንገቱ ላይ አሰረ። ካርድም ሰጠነው፤ ፎቶው፣ ስሙ፣ ከቅጹ የተገለበጠው ሁሉ አለበት። እግሩ ታክሞ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ እትዬ ፉዚያ ከጓሮዋ ያለውን ክፍል ለፕሮጀክቱ አከራይታለች። "ከፊት ለፊቴ ወደ ጀርባዬ አዛወራችሁልኝ" አለች።

ደስ አለኝ። ኩራትም ነበረበት፤ መደበቅ የለብኝም።

ጥር 2

ዲዳ ከቤቱ በር ውጭ ይተኛል። ፍራሹን አውጥቶ።

"ቆርቆሮው ይጮሃል። ከብቶቹ ሲገቡ አልሰማቸውም።"

ጥር 9

አሁንም ውጭ ነው። ለሙሉነህ ነገርኩት። "ቁልፉን ተቀብሏል አይደል?" ተቀብሏል። "እንግዲያው ቤት ገብቷል።"

ጥር 22

ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ሶሬቲ ናት፤ አብረን ተምረናል። አንድ ሰዓት ሙሉ አናገረችው፣ ስለ ላሞቹ ብቻ። ከዚያ መርፌ ወጋችው።

"በየወሩ ነው ሣራ። አንድ ወር ከተዘለለ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሁለት ከተዘለለ ከዜሮ እንጀምራለን። ገባሽ?"

ገባኝ።

የካቲት 26

ሁለተኛው መርፌ ከተወጋ አራተኛ ቀን። ሌሊቱን ውስጥ ተኝቷል። ጠዋት ስመጣ ደፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ዳሌቲ ሞታለች" አለኝ።

ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ጠጋ አልኩ።

"ሁሉም ሞተዋል። መጨረሻ የቀረችው እሷ ነበረች። ቆማ ነው የሞተችው፤ ተደግፋኝ።"

አለቀሰ። እኔም ደፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሶሬቲ ስነግራት "እየዳነ ነው" አለች። መዳን ማለት ይሄ ነው? ሌላው ሰው አምና ያለቀሰውን እሱ ገና ዛሬ ማልቀስ?

መጋቢት 21

ዘነበ!! ሌሊቱን ሙሉ። ከተማው በጭቃ ሰክሯል። እትዬ ፉዚያ በረንዳ ላይ ቆማ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሚያዝያ 4

ዲዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ጎንበስ ብሎ ነጨ፣ አሸተተ፣ ጣለው።

"ሣሩ መጣ" አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሚያዝያ 18

ትምህርቱን እኔው ነኝ የማስተምረው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ ቢሮው በረንዳ ላይ። ሰባት ጎልማሶች። ዲዳ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። የስልሳ ከብት ቀንድና መልክ ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ሃያ ምናምን የኦሮምኛ ፊደል ምን አላት! ከዚያም አልፎ የሱቆቹን ጽሑፍ ሁሉ እየቆመ ያነባል። እትዬ ፉዚያ "የዱቄት ማዳበሪያ ሲያነብልኝ ዋለ" አለችኝ። ሥራም ጀምሯል፤ በገበያ ቀን ከብት ተራ ሄዶ ለገዢዎች ይመርጣል። በሬው ውስጡ ታሟል ካለ ታሟል።

መርፌው አልተቋረጠም። ቤት፣ ሕክምና፣ ትምህርት። ሦስቱም አረንጓዴ። የመጀመሪያዬ ሰው ነው። ዛሬ ወደ ቤት ስሄድ ሳላውቀው እየዘመርኩ ነበር፤ የባጃጁ ልጅ በመስታወት ያየኛል።

ሰኔ 6

የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ የወገኖቻችሁን ስም የምታስታውሱትን ያህል ጻፉ፤ ከላይ ቀኑን ጻፉበት። ደብተር ያለቀበት ስላለ "ባገኛችሁት ወረቀት ላይ" አልኩ።

ሰኔ 8

ቶሎ ልጻፈው።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ዲዳ ቀረ። ካርዱን ከኪሱ አወጣ። ጀርባው በጽሑፍ ተሞልቷል፤ የቤት ሥራውን እዚያ ላይ ሠርቶታል። እሱን ሊያሳየኝ መሰለኝና እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። ገልብጦ ፊት ለፊቱን ያነብልኝ ጀመር፣ በጣቱ እየተከተለ። ስሙን አነበበ። ዕድሜውን። ከዚያ፦

"ፊ...ራ... ሂን... ቀ...ቡ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ደግሞ አነበበው፤ በዚህኛው ሳይንተባተብ።

"ወገን የሌለው ማነው?"

ጠመኔ መሰብሰብ ጀመርኩ።

"ኦቦሌቲ፣ ይሄ ማነው?"

"አንተ... እግርህ... ቤቱን እንዳታጣ ብዬ ነው" አልኩ። ሌላም ብዙ ቀባጠርኩ። ስለ መስፈርቱ፣ ስለ ሙሉነህ። ሲያዳምጠኝ ቆየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አጎቴን ነግሬሽ ነበር?"

"ነግረኸኛል።"

ካርዱን ኪሱ ከተተና ሄደ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዷን ፊደል።

ሐምሌ 2

ስፈራው የነበረ ነገር መጣ፤ ግን ባልጠረጠርኩት በኩል።

ቢሮ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ረጅም፣ በትር የያዙ። "ጃታኒ እባላለሁ" አሉ። የዲዳ አጎት። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ጎሳቸው ከብት ያለቀበትን ሰው እየቆጠረ ነው። ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል፤ ከተረፈው ላይ ተዋጥቶ ለወደቀው ይሰጣል፣ እንደገና እንዲቆም። ስለ ደንቡ እኮ ሰምቻለሁ፤ እዚሁ ነው ተወልጄ ያደግሁት። አባቴ ግን ከወለጋ የመጣ ወንጌላዊ ነው። ሰምቶ ማወቅና ኖሮ ማወቅ ለካ ይለያያል።

"የዲዳ ስም ሲነሣ" አሉ ጃታኒ፣ "አንዱ ተነሥቶ 'እሱ እኮ ወገን የለኝም ብሎ በገበያ ፊት ቤት ተቀብሏል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ' አለ። ሌላውም ሰምቷል። ሴቶቹም ሰምተዋል። በድምፅ ማጉያ ነው አሉ።"

"እሱ አላለም! እኔ ነኝ የጻፍኩት! እርስዎ እንዳሉ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት!"

በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"ስለ ምን ገደልሽኝ?" አሉ። በቀስታ ነው ያሉት፤ የምር እንደሚጠይቅ ሰው።

ዲዳን ሳያዩ ሄዱ። ውሃ ሊቀዳ ቢሮው ጓሮ መጥቶ ነበር፤ ሠላሳ እርምጃ።

ሐምሌ 14

በጭነት መኪና ሊበን ሄድኩ፤ ጎሳው የሚሰበሰብበት የውሃ ጉድጓድ ዘንድ። ሙሉነህ መኪና አልሰጠኝም፤ "የጎሳ ጉዳይ ውስጥ አንገባም" ብሎ። ገብተን ጨርሰን!

ሰዓታት አስጠበቁኝ። ሲያስገቡኝ ግን ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ ማንም ቃሌን አልቆረጠም። ሁሉንም ተናገርኩ። እግሩን፣ ቅጹን፣ ጣቱን ይዤ ማስጫኔን። መጨረሻ ላይ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔን ቅጡኝ" አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ ውሸቱ ያንቺ ነው። ጣቱ ግን የሱ ነው። አንቺ ስለሱ ልትምይለት አትችይም። መጥቶ እዚህ ቆሞ 'አላልኩም' ይበል፤ ያን ጊዜ የሚዋጡለት ጊደሮች የሱ ናቸው።"

ይኼው ነው? አንድ ቃል! እየሮጥኩ ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

ሐምሌ 15

አልሄድም አለ።

"'አላልኩም' በል፣ በቃ!"

"አላልኩም?"

"አላልክም! እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት፤ ስንቴ ልንገርህ!"

"አንቺ ስትጽፊ እኔ የት ነበርኩ?" ጭንቅላቱን ነካ አደረገ። "የሞተች ላም ሳልብ ነበር። በዚያ ጊዜ ከአፌ የወጣውን አላውቅም። ምናልባት ብያለሁ። ለአንቺ ባልልም ለመንገደኛ ብያለሁ። በሽማግሌ ፊት የማላውቀውን አልምልም።"

ለመንኩት። እትዬ ፉዚያም መጥታ ለመነችው። "አንተ ሰውዬ፣ ለአንዲት ቃል!" አለችው። እኔም ታኅሣሥ ላይ እንደዚያው ነበር ያልኩት።

ሐምሌ 21

ትናንት ቁልፉን መለሰ። ገመዱን ከአንገቱ አውልቆ እትዬ ፉዚያ የስኳር ሚዛን ላይ አስቀመጠው።

"ይሄ ወገን የሌለው ሰው ቤት ነው። እዚህ እያደርኩ ወገን አለኝ ብል ማን ያምነኛል?"

በረንዳው ላይ ነው ያደረው። ያው ቦታ። ጤነኛ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ እያነበበ።

ነሐሴ 9

ነገ ወደ ሊበን ይሄዳል፣ በእግሩ። የአጎቱ በረት ደጃፍ ይቀመጣል። ምንም አይናገርም፤ ብቻ ይቀመጣል። "ያልካደ ሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ የካደ ሰው አይመጣም። አይተው ይፍረዱ።"

"መርፌውስ?"

ነሐሴ 22 ነው ቀኑ። ሶሬቲ መርፌውን አውጥታ መስጠት አትችልም፤ የወር ክኒን ሰጠችው፤ እንዴት እንደሚዋጥ ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ በኋላ? እዚያ የሚሄድ ጤና ባለሙያ የለም። ሙሉነህ ጋ ገባሁ። "ዲዳ እኮ በራሱ ፈቃድ ወጥቷል። ተመርቋል ብለን ዘግተነዋል" አለኝ።

ተመርቋል።

ነሐሴ 10

ሄደ። ትንሽ ሸኘሁት። "ተመለሽ ኦቦሌቲ፣ ጫማሽ ተበላሸ" አለኝ። አሁንም እህቴ ይለኛል። ምን አደርጋለሁ በዚህ ቃል?

መስከረም 14 ቀን 2016

የዓመቱ ሪፖርት ታትሞ መጣ። ሽፋኑ ላይ ዲዳ፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ። ለጋሾቹ የምስጋና ደብዳቤ ልከዋል። ሙሉነህ ኬክ አስገዛ። በላሁ።

ክኒኑ ነገ ያልቃል።

ጥቅምት 9

ኦቦ ጃታኒ መጡ። በዚህኛው ራሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። አርጅተዋል።

ዲዳ ሃምሳ ቀን ያህል ደጃፋቸው ላይ ተቀምጧል። ወተት ይልኩለታል፤ ይጠጣል። ግባ ሲሉት "ሽማግሌዎቹ ይበሉኝ" ይላል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ይናገር ይላሉ። እሱ አይናገር፣ እነሱ አያስገቡ። ከዚያ አንድ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ ሆኖ ሲያልብ አዩት። ዳሌቲን ይጠራል። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሲነሡ የለም። ሻኪሶ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ያየው አለ፤ ወርቅ ቆፋሪዎች መሃል። አይደለም ወደ ተልተሌ ነው ያለም አለ።

"ይሄ የበረቱ እሾህ አጥር ላይ ተሰክቶ ነበር" ብለው ካርዱን ሰጡኝ። "ያ ክፉ ወረቀት ነው። ግን ከኋላውም ተጽፎበታል። ምን ይላል?"

ያን ቀን እጄን ስዘረጋ ያልሰጠኝ ገጽ። ከላይ፦ ሰኔ 6። ከሥሩ በጠማማ ፊደል ስሞች። አነበብኩላቸው። አባቱ። አያቱ። ሦስተኛው፦ ጃታኒ። ከዚያ የጃታኒ ልጆች፣ ከዚያ የሞቱት፣ ከዚያ ወደ ላይ እየወጣ አሥራ ሁለት አባት። ቦታ ጠቦት ጥጉ ላይ አጥፎ ጽፏል።

"ሰኔ 6 መቼ ነው?"

"እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት። ፊት ለፊቱን ሳያነብ።"

"ሦስተኛው ማን ነው ያልሽኝ?"

"እርስዎ።"

"ድገሚልኝ።"

አራት ጊዜ አነበብኩ። ከዚያ ካርዱን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ወጡ።

ጥቅምት 21

ሻኪሶ ደርሼ መጣሁ። ፎቶውን ይዤ ከጉድጓድ ጉድጓድ። ሁሉም ሰው በጭቃ አንድ ዓይነት መልክ አለው። አንዱ "ይሄ እኮ የሪፖርቱ ሰውዬ ነው" አለኝ፤ ወረቀቱ ጫት መጠቅለያ ሆኖ አይቶታል። ሌላ የሚያውቅ የለም። ሶሬቲ ጋ ደወልኩ፤ "ካገኘሽው ወዲያው አምጪው" አለች። ካገኘሁት።

ኅዳር 2

ኦቦ ጃታኒ ካርዱን ለጎሳው አሳይተዋል። መምህር የሆነ ዘመዳቸው ቆሞ አነበበው። የራሱን አባቶች አሥራ ሁለት ጠርቶ የጻፈ አልካደም ተባለ። ጊደሮቹ ተሰጡ፤ በጃታኒ በረት ቆመዋል። አንደኛዋ ዳለቻ ናት አሉኝ፤ አመድማ፣ የዳሌቲ ስም ራሱ ይኸው ነው። እሳቸው ናቸው የመረጡለት።

የሚረከባቸው የለም።

ኅዳር 12

አዲሱ ሠራተኛችን አሸቱ ጠዋት ቢሮዬ ገባ። "መናኸሪያው ጋ፣ ፉዚያ ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ያድራል። አምስት ቀኑ ነው። ቅጽ ልሙላለት?"

አብሬው ሄድኩ። ካርቶን ላይ፣ ያ ቦታ ላይ፣ ኦቦ ጃታኒ። በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። እትዬ ፉዚያ ምንጣፍ ሰጥታቸዋለች። "የሻኪሶ መኪና በመጣ ቁጥር ይነሣሉ" አለችኝ። "ክፍሉ ባዶ ነው፣ ግቡ አልኳቸው። እዚያ ሆኜ አላየውም አሉ።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አካም? ናጋ።

አሸቱ ቅጹን ይዞ ይጠብቃል። ተቀበልኩት። ለምን እንደተቀበልኩት አላውቅም፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም መሰለኝ። ስም። ዕድሜ። የመጣበት። ሰባተኛው መስመር።

"ኦቦ ጃታኒ፣ ወገን አለዎት?"

"አለኝ" አሉ። "የወንድሜ ልጅ። ዲዳ ይባላል።"

ጻፍኩ። ጎላ አድርጌ ጻፍኩ፤ አለው። ከጎኑ ስሙን።

አሸቱ ጎንበስ ብሎ አየና "እንዲህ ከተሞላማ ምንም አይደርሳቸውም" አለ።

"አውቃለሁ።"

የቀለሙን ሳጥን ከፈትኩላቸው። አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ የሻኪሶ አይሱዙ ጡሩንባውን ነፋ። ጣታቸው ቀለም እንደነካ ተነሡ። ሰው ከላይ ይወርድ ጀመር፤ ጭቃ የለበሰ፣ አካፋ የያዘ። እኔም ሳላውቀው ቆሜአለሁ። አንድ በአንድ አየናቸው፣ እስከ መጨረሻው።

ተመልሰው ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ አንድ መኪና ይቀራል።